በእፍኝ ጨው የተሸጠው ወንድሜ

ነርሷ ለብ ያለውን የጨው ውኃ በልጅ ልጄ ግራ አፍንጫ ስታንቆረቁረው በቀኙ ወጣ። ውኃውን ተከትሎ የመጣው ሽታ ግን የዚያ ንጹሕ ክፍል ሽታ አልነበረም፤ ከደብረ ማርቆስ፣ ከእናቴ ጓሮ የመጣ ነበር። መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ቆይቶ ይከረፋል። አንድ ጊዜ የለመደው ሰው ከሌላ ሽታ ጋር አያምታታውም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ክረምት ሙሉ ከእጄ አልለቀቀኝም።

ልጄ ነርሷ የምታሳያትን ላለመርሳት ዐይኗን አልነቀለችም። ወጣቱ ሐኪም ልጁን "አፍህን ክፈት፣ ጎበዝ" ብሎ በመብራት ጉሮሮውን አየ፤ ደግሞ ግራና ቀኙን አየ፤ ያስቀመጠውን ዕቃ እንዳጣ ሰው ቀና አለ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ፣ "በእናት በኩል በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንዶች አሉ?" ሲል ጠየቃት። ልጄ መልሱን ስለማታውቅ ወደ እኔ ዞረች።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ምን ተብሎ እንደተመለሰም አስታውሳለሁ።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። እናቴ የዲማ ልጅ ናት። ከእኔ በታች ሁለት ወንዶች ወልዳ፣ ሁለቱም ደህና ጠብተው፣ ድኸው፣ ልክ መሄድ ሲጀምሩ አፍንጫቸው እየታፈነ፣ ጆሯቸው መግል እያመጣ፣ ሳል እየተመላለሰባቸው ሞተዋል። የእናቴ ወንድሞችም ዲማ ላይ ያለቁት በዚያው ዕድሜ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ሴቶች "የእነሱ ቤት ወንድ አያበቅልም" ይሉ ነበር። የሚሉትም ምንጭ ላይ፣ እናቴ እንስራዋን ስትሞላ፣ እንድትሰማው አድርገው ነው። እናቴ አንገቷን ደፍታ ውኃዋን ተሸክማ ትመለሳለች፤ ቤት ስትደርስ ደግሞ "የትኛዋ ናት የበላችብኝ?" እያለች አንድ በአንድ ትጠረጥራቸዋለች። እኛ ቤት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚደገመው "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ነበር።

ሦስተኛው ወንድ ሲወለድ እናቴ ብልጠቷን ሁሉ አወጣች። ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፤ ለእሱ እንደ ሴት ሦስት ጊዜ ብቻ ተባለና ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ስለማትታለል ክርስትና የተነሣው እንደ ማንኛውም ወንድ በአርባ ቀኑ ነው፤ እናቴ ግን "አሟት ነው ቶሎ ያስጠመቅናት" ብላ አስወራች። ስሙ ትሁን ተባለ፤ የሴት ስም። ጸጉሩ ሹሩባ ተሠራ፣ በአንድ ጆሮው ዶቃ ተንጠለጠለ፣ ለእኔ የጠበበኝን ቀሚስ ሁሉ እሱ ወረሰ። ወንድ ፈልጎ የሚመጣው ክፉ ነገር በራችን ላይ ሁለት ሴት ልጆች አይቶ እንዲመለስ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በአገራችን ብዙ ነበር። የሚያየው ሰው ያውቃል፣ የሚያውቀውም ዝም ይላል፤ ወጉ እንደዚያ ነው።

ይህም አልበቃት፤ ሸጠችው። እትዬ ወለላ ከከተማው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ያን ጊዜ የሸክላ ሠሪ ዐይን ይፈራ ነበር፤ ማሰሮዋን የሚገዛት ሰው እንኳ ልጁን ከኋላው ደብቆ ነው የሚከራከራት። እናቴ የመረጠቻትም ስለምትፈራት ነው፤ የራሷ የሆነውን አትበላም ብላ። ሕፃኑን ጠቅልላ ከአጥራችን ውጭ መንገድ ላይ አስቀመጠችው፣ እትዬ ወለላ አነሣችው፣ ዋጋውን አንድ እፍኝ ጨው ሰጠች። ከዚያ "በይ እንግዲህ፣ ልጄን አሳድጊልኝ" ብላ መልሳ አቀበለቻት። እናቴ ጨዉን በጨርቅ ቁራጭ ቋጥራ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ወጥ ቤቱ ጨው ያጣ ቀን እንኳ ማንም እንዳይነካው ተከልክሏል።

እትዬ ወለላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ በራችን ላይ ትቆምና፣ "ልጄ እንዴት ናት?" ትላለች። "ደህና ናት ልጅሽ" ትላታለች እናቴ። እንዲህ እያለችም በነጠላዋ ጫፍ የትሁንን ፊት ሸፈን ታደርጋለች። ሸጣላት ስታበቃ እንዳታይባት ትፈራ ነበር። እኔ ደግሞ በበሩ ስንጥቅ የእትዬ ወለላን ዐይን እከታተላለሁ፤ ከነጠላው አልፎ የሚገባ መሆኑን ለማረጋገጥ። ቀይ፣ እንባ ያቀረረ ዐይን ነበራት። የምድጃ ጭስ ያቀላው ዐይን መሆኑን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገም ነበር፤ እኔ ግን ልጅ የሚበላ ሰው ዐይን እንደዚያ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ትሁን አራት ዓመቱን ያለፈበት ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አፍንጫው ለእኔ ተሰጠ። ሥራዬ እሱ ሆነ። የእሱ ንፍጥ እንደ ሌላ ልጅ ንፍጥ ብርዱ ሲያልፍ የሚያልፍ አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ፣ ወፍራም፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ጎንበስ ሲል ግንባሩን በሁለት እጁ ይይዛል። አንዱ ጆሮው ሲደርቅ ሌላው ይፈስሳል። አባቴ ከስፌት የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እያመጣ ይሰጠኛል፤ የኮት ገበር፣ የተማሪ ካኪ፣ አንዳንድ ጊዜም የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ። በእሱ እጠርገዋለሁ፣ በአመድና በውኃ ቀቅዬ አሰጣዋለሁ። አጥር ላይ ማስጣት ክልክል ነበር። "በጨርቁ ብዛት ሕመሟን ይቆጥሩታል" ትላለች እናቴ። ስለዚህ ጨርቁ ሁሉ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል። ለዓመት በዓል ያጌጥን እንመስል ነበር።

ትሁን ሲናፈጥ እንዳያለቅስ "ቀንድ አውጣ እኮ ነው፣ ቤቱን ጥሎ ወጣ" ብዬ አሳየዋለሁ። አመነኝ። ከዚያ በኋላ በናፈጠ ቁጥር ጨርቁን ገልጦ "ትልቁ ነው ትንሹ?" ይለኛል። ከአባቴ የሚለቅማቸው የልብስ ቁልፎች ነበሩት፤ በጣሳ አድርጎ ያንኳኳቸዋል፣ በራሱ ሙዚቃ ይጨፍራል፣ ሹሩባው ይወዛወዛል። ወንድሜን በጣም ነበር የምወደው።

ከመጥረጉ ይልቅ የከበደኝ ዘብነቱ ነው። ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር ሲጫወት ሽንቱ የመጣ እንደሆነ ቆሞ ሊሸና ይፈልጋል። እኔ ሮጬ ከቁጥቋጦ ጀርባ እወስደዋለሁ፣ ትከሻውን ተጭኜ አስቀምጠዋለሁ። "ለምን?" ይለኛል። "እንደዚያ ነው የሚሸናው" እለዋለሁ። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ "ነይ" በማለት ፈንታ "ና" ሲለው ሰማሁና ጭቃ ወረወርኩበት። በእኔ አስተሳሰብ በሽታው ጆሮ ያለው ነገር ነበር፤ አጥር ሥር ተቀምጦ የሰውን ወሬ የሚያዳምጥ። ስለዚህ ስለ ትሁን የጠየቀ ሁሉ የእሱ ሰላይ ሆነብኝ። ስንት ዓመቷ ነው ያለች ጎረቤት፣ ምነው ሰውነቷ ደነደነ ያለ ቄስ፣ ሁሉንም በልቤ መዝግቤ ይዣቸው ነበር።

ሰኔ ሲጋመስ፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ከተማውን ይዞት በነበረበት ሰሞን፣ ትሁን ጠዋት አንድ ዐይኑ ተደፍኖ ተነሣ። የዐይኑ ቆብ አብጦ ቀልቷል፤ ሰውነቱ ይፋጃል። እናቴ እዬዬ ብላ ምሰሶውን ያዘች። "ዐይን ነው! በዐይን የመጣ በዐይኗ ገባ!" አለች። እኔም ቅዳሜ እትዬ ወለላ በር ላይ እንደቆመች አስታወስኩ።

አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ያን ቀን ግን መቀሱን አስቀምጦ መጣና ትሁንን በጋቢው ጠቀለለው። "ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለ። እናቴ ልትከራከረው ሞከረች፤ እሱ ግን በሩን ወጥቶ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ሴቶችና ሕፃናት ይግቡ ተባለና እሱ ከዘበኛው ጋር ውጭ ቀረ። እኔ ጨርቅ ያዥ ስለሆንኩ ገባሁ።

የሐኪሙ ክፍል ግድግዳ ላይ የጃንሆይ ሥዕል ነበር። ከሥዕሉ ሥር ረጅም ፈረንጅ ተቀምጧል፤ አማርኛው "ጤና ይስጥልኝ" ላይ ያበቃል። የሚያስተረጉምለት የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ሞላ የሚሉት፣ ነጭ ካፖርቱ ከመታጠብ ብዛት የሳሳ የቢቸና ሰው ነው። ፈረንጁ የትሁንን ዐይን አየ፣ ጆሮውን አየ፣ አፍንጫውን በጣቱ ቀና አድርጎ አሸተተ። ንፍጥ የሚያሸት ሰው አይቼ ስለማላውቅ ወዲያው ጠረጠርኩት። ደረቱን ሊያዳምጥ ቀሚሱን ሊያወልቅ ሲል እናቴ እጁን ቀደመችና ከአንገቱ ብቻ ከፈት አደረገችለት። እሱም እፍረት መስሎት ተዋት።

ከዚያ አፉን አስከፍቶ በብረት ማንኪያ ምላሱን ተጫነና ጉሮሮውን ተመለከተ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ድሬሰሩን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ፈለጉ።

"ምን ጎደለ?" አለች እናቴ።

"ከጉሮሮዋ ግራና ቀኝ መታየት የነበረበት እጢ አይታይም ይላል" አለ ድሬሰሩ። "እንጥል የሚቆርጥ ሰው ነክቷት ያውቃል?"

"ስለ እመብርሃን! ማንም አልነካትም።"

ከወንድሜ ጉሮሮ ውስጥ ዕቃ ተሰርቋል ማለት ነው። ዘብ እኔ ነበርኩ፤ ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል ገባ? አፉን ከፍቶ ስለሚተኛ ይሆናል ብዬ ተናደድኩበት።

ፈረንጁ ብዕሩን አነሣና ሌላ ነገር ጠየቀ። ድሬሰሩ እንዲህ ብሎ አስተረጎመው፦ "ወንድሞች አሏት?"

"የሏትም" አለች እናቴ።

"በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንዶችስ? በእርስዎ በኩልስ፣ የእርስዎ ወንድሞች?"

የእናቴ እጅ እጄን ጨበጠው። ፈረንጁ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ሥዕል ሥር ተቀምጦ፣ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ መካከል ቀጥታ ወደ ወንዶቹ መጣ። የሰፈር ሴቶች ምንጭ ላይ የሚሉትን ነው የጠየቃት። እኔ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ፤ ያ አጥር ሥር የሚያዳምጠው ነገር ራሱ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ወንዶቹ የት እንዳሉ እያጣራ ነው። እናቴን በዐይኔ ለመንኳት፣ እንዳትነግረው።

"እኔ ወንድም የለኝም። ወንድ ልጅም ወልጄ አላውቅም" አለች።

ፈረንጁ ትሁንን አየው። ሹሩባውን፣ ዶቃውን፣ ቀሚሱን አየ። ከድሬሰሩ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ድሬሰሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ወንድ ብትሆን ኖሮ የምጠረጥረው አንድ በሽታ ነበር፤ ደሟን እንዲመረምሩት አዲስ አበባ እልካት ነበር ይላል። ሴት ስለሆነች አይመስለኝም ይላል" አለ።

እናቴ ትንፋሿን ለቀቀች። አሁንም ድረስ የዚያ ትንፋሽ ድምፅ አይጠፋኝም። "ወንድ ብትሆን ኖሮ" ማለት ለእሷ ሌላ ትርጉም አልነበረውም፤ ወንድ ቢሆን ሊወስዱት ነበር። በእናቴ ኮራሁ። ከፈረንጅ የበለጠች ብልጥ መሆኗን በዐይኔ አይቻለሁ።

መርፌው የሚሰጠው በሚቀጥለው ክፍል ነው። ድሬሰሩ ትሁንን እናቴ ጭን ላይ በሆዱ አስተኛው፣ ቀሚሱን ገለጠ። ትሁን ተገላበጠበት። ድሬሰሩ መርፌውን እንደያዘ ቆመ። እናቴን አያት፣ እናቴም አየችው። ከግድግዳው ወዲያ ፈረንጁ ቀጣዩን በሽተኛ ሲጠራ ይሰማል። ድሬሰሩ ወጋው፣ በጥጥ አሸው፣ ቀሚሱን ወደ ታች ስቦ አስተካከለለት።

"እግዜር ያሳድግልዎ" አለ። "ቆንጆ ልጅ ናት።"

እናቴ ተነሥታ መረቀችው፤ ልጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ አለችው። እኔም ከጠላቶቼ መዝገብ ሰረዝኩት። የአገር ልጅ ነው፣ ወጉን ያውቃል፣ አላጋለጠንም። አሁን ሳስበው እዚያ ቤት ውስጥ ትሁን ወንድ መሆኑን የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ማወቅ የነበረበት ሰው ነው።

ስንወጣ አባቴ በሩ ላይ ይጠብቀናል። "ምን አለሽ? ምን አልሽው?" አላት።

"ሴት ናት አልኩት።"

አባቴ ቆመ። "ለሐኪም እኮ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

"ሁለቱን ከማን ደበቅናቸው?" አለች እናቴ። ድምፅዋ አልጨመረም። "በወንድ ስማቸው ጠራናቸው፣ የወንድ ልብስ አንተው ሰፋህላቸው። የት አሉ?"

አባቴ ትሁንን ከእጇ ተቀብሎ አዘለውና ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።

መርፌው ተአምር ሠራ። እየተመላለስን አስወጋነው፤ የዐይኑ እብጠት ሟሸሸ፣ ጆሮው ደረቀ፣ ሐምሌን በአፍንጫው እየተነፈሰ ጀመረ። ድሬሰሩ ደግሞ ፈረንጁ ያዘዘውን አሳየኝ፤ ውኃ አፍልቶ ለብ ሲል ጨው ጨምሮ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በአንዱ አፍንጫው ማንቆርቆር፣ ጠዋትና ማታ። ለእናቴ ይህ ጥንቆላ ነው የመሰላት። አፍንጫ ውኃ ሲገባበት ሰው ይሰጥማል እንጂ ይድናል ተብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ሆኖም የመርፌውን ሥራ ስላየች አልከለከለችም። ችግሩ ማንቆርቆሪያችን ትልቅ ነበር፤ ግማሹ ውኃ በትሁን አንገት ይወርዳል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ወለላ መጣች፤ ስለ ማንቆርቆሪያችን ከአባቴ ሰምታ ነበር። ከቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ጡጫ የምታህል ማሰሮ አወጣች፤ አፏ ቀጭንና ረጅም፣ ከንፈሯ በድንጋይ ታሽቶ የለሰለሰ። "ልጄን በዚች እጠቡልኝ" አለች። እናቴ በሁለት ጣቷ ተቀበለቻት። እትዬ ወለላ ከሄደች በኋላ ማሰሮዋን መሬት ላይ አስቀምጠን ሁለታችንም ዞረን ዞረን አየናት። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" አለች እናቴ።

ስለዚህ ራሴ ልሞክራት ወሰንኩ። የጨው ውኃ ሞልቼባት ጓሮ ገባሁ፣ ጌሾው ሥር ተቀመጥኩ፣ በራሴ አፍንጫ አንቆረቆርኩት። አናቴ የተሰነጠቀ መሰለኝ። በአፌም በዐይኔም ወጣ፤ ይሄው መርዙ ሠራ ብዬ እግሬን ዘርግቼ ሞቴን ጠበቅኩ። ትሁን መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና መሬቱን ፈተሸ። "ያንቺ ቀንድ አውጣ የታለ?" አለኝ። አለመሞቴን ሳውቅ ተናደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በዚያች ማሰሮ ነው ያጠብኩት፤ ጠብታ አይፈስስም ነበር።

የእናቴና የእትዬ ወለላ ጠብ የመጣው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ አላስኬድ ብሏት እትዬ ወለላ በረንዳችን ላይ ተጠለለች። እናቴም ከልጁ መዳን የተነሣ ደስ ብሏት ስለ ሐኪም ቤቱ አጫወተቻት፤ ፈረንጁ እንዴት እንደጠየቃት፣ እሷ እንዴት እንዳመለጠች።

እትዬ ወለላ ሳቀች መሰለኝ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። "ከእኔ እንኳ ወንድነቱን አልደበቅሽም" አለች። "እበላለሁ የምባለው እኔ ነኝ። ከሐኪም ምን አስደበቀሽ?"

እናቴ ብድግ አለች። የሰማችው ጥያቄውን አይደለም፤ "ወንድነቱን" ማለቷን ነው። በራችን ላይ፣ በቀን፣ በአፏ ተናግራዋለች። "ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ" አለቻት። እትዬ ወለላ ነጠላዋን አጣፍታ ዝናቡ ውስጥ ገባች። እኔ በሩን ስዘጋ ልቤ ጮቤ ረገጠ፤ በመጨረሻ ሌባዋ ተያዘች ብዬ።

መርፌው ካለቀ በኋላ ንፍጡ ተመለሰ። መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ቀጥሎ ያው አረንጓዴ። እኔ አጠብኩ፣ ጠረግኩ፣ ቀቀልኩ። ማሰሮዋ ራስ ምታቱን ታቀልለት ነበር፤ ታጥቦ ሲያበቃ ፊቱ ፈታ ይላል፣ ቁልፎቹን ይጠይቃል። ነገር ግን ያጠብኩት ሁሉ ጠዋት ተመልሶ ይጠብቀኛል። ዘብነቴን አጠበቅኩ፤ ከቤት እንዳይወጣ አደረግኩ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። አባቴ ወደ ሐኪም ቤት እንመለስ አለ። "እንደገና ወንዶቹን ሊጠይቁኝ?" አለች እናቴ።

ጳጉሜን ስትገባ ጠበል ወሰደችው። በጳጉሜን ውኃው ሁሉ ጠበል ነው፤ ሕዝቡ ገና ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ይወርዳል። ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይነካም ስለተባለ የጨው ውኃዬ ተከለከለ፣ ማሰሮዋ ተደፋች። ትሁን በረዶ የመሰለ ውኃ ውስጥ ቆሞ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ፣ እናቴ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንባዋ ከውኃው ጋር እየወረደ ትጸልይ ነበር። ከልቧ ነበር። እናቴ በዚያ ዓመት ያደረገችውን ሁሉ ያደረገችው ከልቧ ነው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ሴት ልጆች አደይ አበባ ይዘን ቤት ለቤት ስንዘፍን ትሁን "እኔም ሴት ነኝ" ብሎ አለቀሰ። እውነቱን ነው፤ እኛው ነን ያልነው። አበባ አስይዤ ይዤው ወጣሁ። ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር አፉን ብቻ እየከፈተ ከእኛ ጋር አጨበጨበ፤ አንዲት ሴት ዳቦ ስትቆርስልን "እቺ ታናሿ ታምራለች" አለችና ደስ አለው። ከዚያ ሳል ተነሣበት። መስቀል ሳይደርስ፣ በአባቴ ጋቢ እንደተጠቀለለ፣ ትንፋሹ ቆመ።

ቀብሩ ላይ ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ "ገብረ ሚካኤል" የሚል ስም ሰማሁ። ደጋግመው ጠሩት። እኔ ከለቅሶዬ ቀና ብዬ ዙሪያውን ቃኘሁ፤ ይህን የወንድ ስም ጮክ ብሎ ያጋለጠ ማን ነው ብዬ። ቄሱ ናቸው። የወንድሜ የክርስትና ስም ነው፤ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። አጥር ሥር የሚያዳምጥ ነገር ካለም አሁን ቢሰማ ለውጥ እንደሌለው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዘብነቴም እዚያው አበቃ።

ሐዘን በተቀመጥን ማግስት እትዬ ወለላ መጣች። ከሴቶቹ ርቃ በሩ ጥግ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳንዷ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። እናቴ ተነሣች። የምታባርራት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ቋጠሮ አውርዳ ሄዳ ፊቷ ቆመች።

"አደራሽን አልጠበቅኩም" አለቻት። "ዋጋሽን ውሰጂ።"

እትዬ ወለላ ቋጠሮውን ፈታችው። ጨዉ በዓመታቱ ጭስና እርጥበት ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ሆኗል። በእፍኟ ያዘችው፣ ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረችውና "ልጄ!" ብላ ጮኸች። "ልጄ! ወንዱ ልጄ!" ደረቷን ደቃች። እናቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ እስከ መጨረሻው ቀን ከእናቶቹ ጋር ነው የተቀመጠችው።

"እማዬ?" አለችኝ ልጄ። ወጣቱ ሐኪም ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል።

ሰው ያደገበትን አይተውም፤ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ለምን ትጠይቃለህ?" ብዬ ነው።

"የምጠረጥረው በሽታ በእናት በኩል ነው የሚመጣው፤ የሚይዘው ግን ወንዶቹን ነው" አለ። "ሰውነታቸው በሽታ የሚከላከልበትን ነገር አይሠራም። ለዚህ ነው አፍንጫው የማይደርቀው። ይህ መሆኑ ከታወቀ የጎደለውን በየጊዜው በደም ሥሩ እንሰጠዋለን፣ አፍንጫውንም እንዲህ እያጠባችሁት ያድጋል።"

"ያድጋል?"

"ያድጋል፣ እናቴ።"

"በእናት በኩል" ሲል ልጄ አንገቷን ደፍታ ነበር። ያን አንገት አውቀዋለሁ፤ እናቴ ከምንጭ ስትመለስ የነበራት ነው። እጇን ያዝኩና ጥፋት አይደለም፣ ቀና በይ አልኳት። ከዚያ ለሐኪሙ ነገርኩት። ከእኔ በታች የነበሩትን ሁለቱን በየስማቸው ጠራሁለት፣ የእናቴን ወንድሞች ነገርኩት፣ የጠፋውን የጉሮሮ እጢ ነገርኩት። በመጨረሻ "ከዚያ ደግሞ ትሁን" አልኩት።

ብዕሩ ቆመ። "ትሁን ሴት ናት?"

"አይደለም" አልኩት። "ወንድ ነው። ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።"